ሰላምታው ካለቀ በኋላ

እኔ ሲያመኝ ዝም ብዬ የምችል ሰው አይደለሁም። ጥርሴን ሲያመኝ ሰፈሩ አይተኛም፤ ጣቴን መርፌ ሲወጋኝ ከምሠራበት በረንዳ እስከ ገበያው ድረስ ይሰማል። ባለቤቴ ብርቄ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዚህ ጠባዬ ስታፍር ኖራለች። «ወርቁ፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ይነጫነጫል?» ትለኝ ነበር። ይህን የምጽፈው እኔ ነጭናጫው ድኜ እሷ ጨዋዋ ስላልዳነች ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በቤቱ እያሳለ «ደኅና ነኝ» የሚል ሰው ያለው አንባቢ ካለ፣ ሥራውን ትቶ እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ።

ጊዜው በጃንሆይ ዘመን ነው። ባሌ ጠቅላይ ግዛት ይባል ነበር፤ መሥሪያ ቤቱም፣ ዳኛውም፣ ትልቁ ሆስፒታልም ጎባ ነበሩ። ሮቤ ያኔ አንድ ረጅም የጭቃ መንገድ ነበረች። ግራና ቀኟ የቆርቆሮና የሣር ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ ዓይን እስኪደክመው ገብስና ስንዴ ነው። እኔ በአንድ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር ማሽን ዘርግቼ ካኪ ኮትና ተነፋነፍ ሱሪ እሰፋ ነበር። ብርቄ የጎባ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት፤ ኦሮምኛው የእናቷ፣ አማርኛው የቤተ ክርስቲያኑና የገበያው ነበር፤ በሁለቱም ሰው ታከብራለች። አንዲት ልጅ አለችን፤ ስሟ ጽጌ ነው።

በሽታው ከእግሬ ጀመረኝ። የበላው ሳንባዬን ነው፤ መጀመሪያ ያወቀው ግን እግሬ ነው። የማሽኑን ፔዳል ስረግጥ ጉልበቴ ይከዳኝ ጀመር። አንድ ኮት ከመቀመጫዬ ሳልነሳ እጨርስ የነበርኩት ሰውዬ፣ አንዱን እጅጌ ሳልጨርስ ትንፋሽ ያጥረኛል። አመሻሽ ላይ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ስተኛ ላብ ያጠምቀኛል፣ ጠዋት ግን ምንም ያልነካኝ መስዬ እነሳለሁ። ከዚያ ሳሉ መጣ። ልብስ ሰፊ ደግሞ መክሳቱን ከማንም ቀድሞ ያውቃል። የራሴን ሱሪ ወገብ አጠበብኩ፣ ደግሜ አጠበብኩ፣ በመጨረሻ የኋላ ኪሶቹ ሊገናኙ ሲደርሱ ተውኩት።

በሮቤ የሚያስል ሰው ሁሉ የሚያስለው ከብርድ ነው። ከሳኔቲ ተራራ የሚወርደውን ነፋስ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሐሰት አይመስልም። ብርቄ ፌጦ ፈጭታ አጠጣችኝ፤ ከሪራ የመጣ የጫካ ማር በነጭ ሽንኩርት ለውሳ አበላችኝ። አልለቅ ሲለኝ፣ በከተማው ቤቱ ተቀምጦ መርፌ ወደሚወጋ አንድ ጡረተኛ የጦር ሠራዊት ድሬሰር ሄድኩ። ከዚያ በፊት ደሎ መና ወርጄ ልብስ ሰፍቼ ነበርና «ቆላ ወርደህማ ወባ ነው» ብሎ የወባ ኪኒን ሰጠኝ። ኪኒኑ አፌን አመረረው እንጂ ላቡን አላቆመውም። ተመልሼ ስሄድ «እንግዲያው ብሮንካይት ነው» አለና ፔኒሲሊን ወጋኝ። ቀጥሎ «ነርቭ ነው» አለኝ። ስም የማያጣ ሰው ነበር። ለእሱ ክፍያ መጀመሪያ በጎቻችን ሄዱ፣ ቀጥሎ በቅሎዋ ሄደች፣ ሳሉ ግን ከእኔው ጋር ቀረ።

በዚህ ጊዜ ነው ብርቄ ወደ ክሊኒኩ የወሰደችኝ።

ክሊኒኩ ከከተማው ወጣ ብሎ ባሕር ዛፍ የከበበው የቆርቆሮ ቤት ነበር። ከፊቱ በረንዳ አለው፤ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ አግዳሚው ላይ ከየገጠሩ በፈረስና በእግር የመጣ ሰው ጋቢና ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተራውን ይጠብቃል። ሐኪሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ረጅምና ጎባጣ ሰው ነበር። አገሩ የት እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላውቅም፤ ሲጠየቅ «ብርዱ እንደ ሮቤ ነው» ይል ነበር። የሮቤ ሰው «ዶክተር አካም» ብሎ ስም አወጣለት። ምክንያቱም መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ፣ አህያ ነጂውንም ባላባቱንም፣ ባርኔጣውን አንስቶ በኦሮምኛ «አካም ጅርታ?»፣ እንደምን አለህ፣ እያለ ሰላም ይል ነበር። ሰው በጣም ይወደዋል። እኔም ወድጄዋለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው እሱን ለማማት አይደለም።

መጀመሪያ ሲመጣ የክሊኒኩ ድሬሰር አጠገቡ ቆሞ ያስተረጉምለት ነበር። በኋላ ግን አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ጥቂት ጥቂት ሲለምድ ድሬሰሩን ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሰደደው፤ ደጅ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለሆነ ሥራውን ለማፋጠን ነው። በር ላይ ሰው ሲቆም ዶክተሩ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ወንበር በእጁ ይስባል፣ ያስቀምጣል፣ ከዚያ «እንደምን ነዎት?» ይላል። ግድግዳው ስስ ስለነበር መልሱ በረንዳው ድረስ ይሰማል። አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላል። አንዷ በኦሮምኛ «ነጋ፣ ገለታ ዋቃ»፣ ደኅና፣ ምስጋና ለአምላክ፣ ትላለች። ሌላው «አልሐምዱ ሊላህ፣ ምንም አልል» ይላል። እግሩ ያበጠውም፣ ዓይኑ የጠፋውም፣ ሆዱን ይዞ የገባውም ቃሉ አንድ ነው። ዶክተሩ ደስ ይለዋል፤ ይጽፋል፤ ማዳመጫውን ደረት ላይ ያደርጋል፤ መድኃኒት ይሰጣል።

የእኔ ተራ ሲደርስ ብርቄ አብራኝ ገባች።

«እንደምን ነህ?» አለኝ።

«ደኅና አይደለሁም» አልኩት። «ደኅና ብሆን እዚህ ምን አመጣኝ?»

ብርቄ ክንዴን ቆነጠጠችኝና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዶክተሩ ግን ሳቀ። «ጥሩ» አለ፤ «ንገረኝ።» እኔም ነገርኩት፤ ስለ ፔዳሉ፣ ስለ ላቡ፣ ስለ ሱሪዬ ወገብ፣ ስለ በቅሎዋም ጭምር። ለጊዜው የሳል ሽሮፕ ሰጠኝና ካልተሻለህ ተመለስ አለኝ። ስንወጣ ብርቄ እስከ ቤት ድረስ አላናገረችኝም። ቤት ስንደርስ ብቻ፣ «ሰው እግዚአብሔርን ሳያመሰግን ሕመሙን ይቆጥራል? ያውም ከስንት አገር ርቆ ለእኛ ብሎ በመጣ ሰው ፊት» አለችኝ። በጣም ነበር የተቀየመችኝ።

ሽሮፑ ከማለቁ በፊት ደሙ መጣ። ለአንድ ቄስ ነጭ አቡጀዲ እየቆረጥኩ ሳለሁ ሳል ያዘኝና ጨርቁ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። ጣቴን መርፌ የወጋኝ መስሎኝ ጣቶቼን አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ጣቶቼ ደኅና ነበሩ። ያን ጊዜ የፈራሁትን ፍርሃት በሕይወቴ ፈርቼው አላውቅም፤ በረንዳው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ከእኔ ወዲያ የራቀ መሰለኝ።

ከብርቄ ጋር ክሊኒኩ ስመለስ ዶክተሩ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ሰጠኝና አክታህን አምጣ አለኝ። እኔ እንደሆንኩ ለማንም የምጠነቀቅ አይደለሁም፤ ከደረቴ ሥር ያለውን ሁሉ ጎትቼ አወጣሁና ስታዩት የሚያስጠላውን ነገር ሞልቼ አስረከብኩ። ድሬሰሩ በአጉሊ መነጽር አየው። ዶክተሩ አስቀመጠኝና የሳንባ ነቀርሳ እንደሆነ ነገረኝ። «ይድናል» አለ፤ «ግን ረጅም ነው።» መርፌ በየቀኑ፣ ኪኒኑ ደግሞ ዓመት አልፎ የሚቀጥል። ይህ በሽታ በሚያስል ሰው ትንፋሽ እንደሚተላለፍ፣ መስኮት መክፈት እንደሚያስፈልግ፣ ቤተሰቡም ሁሉ መመርመር እንዳለበት አስረዳን።

እንግዲህ ስሙ ከወጣ በኋላ የሆነውን የቀመሰ ያውቀዋል። ኮት የሚያሰፋው ሰው ወደ ሌላ ልብስ ሰፊ ዞረ። ጽጌን እህቴ ዘንድ ጎባ ላክናት፤ ጋሪው ላይ ሆና እያለቀሰች እጇን ስታወዛውዝ እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር፤ ልስማት አልቻልኩም። በየቤቱ ለእኔ የተለየ ኩባያ ተመደበልኝ፤ እየቆየ ኩባያውም ቀረ፣ የሚጠራኝም ጠፋ። ብርቄ ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ኖረች። መስኮቱን ክፈቱ መባላችንን አልረሳችም፤ ግን ሮቤ ላይ ጭጋጉ በገባበት ወቅት መስኮት ከፍቶ የሚተኛ ማን ነው? ዶክተሩ ሊያየኝ ቤት ሲመጣ ትከፍተዋለች፤ ሲሄድ ትዘጋውና ስንጥቁን ሁሉ በእኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትወትፈዋለች። «ብርድ መጥቶ እንዳይጨርስህ» ትለኝ ነበር።

የእሷ ምርመራ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ብልቃጧን ተቀብላ ወደ ክሊኒኩ ጓሮ ዞረች። ቆየች። ስትመለስ ብልቃጧን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ በሁለት እጇ ለዶክተሩ ሰጠችው፤ እሱም ተነስቶ ተቀበላት። ውጤቱ ምንም የለብሽም ሆነ። ደግመው ሲጠይቋት ደግማ እንዲሁ አመጣች፤ ያኛውም ምንም የለበትም። በዚያ ቀን ከክሊኒኩ ስንወጣ ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅኩ። «ነቀርሳ እንኳ አንቺን አፈረሽ» አልኳት። እሷም ሳቀች።

መርፌው ከበሽታው አይተናነስም ነበር። ዳሌዬ ደንድኖ ድሬሰሩ መርፌ የሚያስገባበት ለስላሳ ቦታ እስኪያጣ ድረስ ተወጋሁ። ሳሉ እየቀነሰ፣ ሱሪዬም እየሞላ ሲሄድ፣ ሌላ ነገር ጀመረኝ፤ በጆሮዬ ውስጥ ጭው የሚል ድምፅ። ለዶክተሩ ወዲያው ነገርኩት፤ እኔ መቼ ዝም እላለሁ። ከመርፌው መሆኑን ነገረኝ፤ ቢያቆም በሽታው እንደሚመለስ፣ ቢቀጥል ጆሮዬ እንደሚጎዳ ሳይሸሽግ አስረዳኝ። «ሳንባህን ወይስ ጆሮህን?» አለኝ። ሳንባዬን አልኩ። ቀስ በቀስ የቀጭን ነገር ድምፅ ጠፋብኝ፤ መጀመሪያ ወፍ፣ ቀጥሎ የመቀሴ ድምፅ፣ ቀጥሎ ከበስተጀርባዬ የሚናገር ሰው። ፊት ለፊቴ ሆነው ሲያናግሩኝ ከንፈር እያየሁ እሰማ ነበር። ማታ መብራት ሲጠፋ ግን ጭው ከሚለው ድምፅ በቀር ምንም የለም።

ብርቄ ማሳል የጀመረችው በዚያ ወቅት ነው። ይህን የነገሩኝ በኋላ ጎረቤቶቼ ናቸው። ሌሊት ሌሊት ሳሏ ከአጥር ውጭ ይሰማ ነበር፤ እኔ አጠገቧ ተኝቼ አልሰማሁም። ቀን ሲይዛት ጀርባዋን ትሰጠኛለች ወይም ጓሮ ትወጣለች። ልብስ ሰፊው ባሏ መክሳቷንስ እንዴት አላየም ትሉኛላችሁ። መቀነቷን ደጋግማ እየጠመጠመች፣ በላዩ ላይ ጋቢ እየደረበች ለቅዝቃዜው ነው ትለኝ ነበር፤ ብርዱም እውነት ነበር። እኔም የራሴን ሥጋ መመለስ ሳይ ዓይኔ በደስታ ታውሮ ነበር መሰለኝ።

በየጊዜው ከእኔ ጋር ክሊኒክ ትሄዳለች። ዶክተሩ እኔን ካየ በኋላ ሁልጊዜ ወደ እሷ ዞሮ፣ «ብርቄ፣ አንቺስ፣ አካም ጅርታ?» ይላታል። እሷም ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ «ነጋ፣ ገለታ ዋቃ። እርስዎ እንደምን ነዎት? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ ከአገር ይጽፋሉ?» ትለዋለች። እሱም «ደኅና ናቸው» ይላታል፤ እጁን ይሰጣታል፤ ቀጣዩን ሰው ይጠራል። በዚህ ሁኔታ ክረምቱ ወጣ።

ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር፤ እሷም አጠገቤ ተቀምጣለች። አንድ ሽማግሌ በዱላ ተደግፈው መጡ፤ አግዳሚው ሞልቷል። ብርቄ ብድግ ብላ «ይቀመጡ አባቴ» አለች። ሽማግሌው ሳይቀመጡ እሷ ወደቀች። ጎንበስ ብዬ ሳነሳት ነጠላዋ ደም ነበር። ክብደቷን ያወቅሁት ያኔ ነው። በእጄ የያዝኩት ልብስ እንጂ ሰው አይመስልም ነበር።

ዶክተር አካም በራሱ ላንድሮቨር ጎባ ሆስፒታል አደረሰን። እዚያ ራጅ አነሷት። የሆስፒታሉ ሐኪም ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት ያገራችን ልጅ ነበር፤ ዓይኖቹ በእንቅልፍ ማጣት ቀልተዋል። ፎቶውን መስኮት ላይ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሁለቱም ሳንባዎቿ እንደተበሉ ነገረን።

«ምርመራዋ ንጹሕ ነበር» አለ ዶክተር አካም። «በየጊዜው እጠይቃታለሁ። ሁልጊዜ ደኅና ነኝ ትለኛለች።»

ወጣቱ ሐኪም ፊቱ ወደ እኔ ስለነበር ያለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። «ዶክተር» አለው፣ «እሱ እኮ ሰላምታ ነው፤ መልስ አይደለም።»

«ታዲያ መልሱ የት ነው?»

«ሰላምታው ካለቀ በኋላ። ቤቱን ይጠይቃሉ፣ ከብቱን ይጠይቃሉ፣ ዝናቡን ይጠይቃሉ። ከዚያ ዝም ብለው ይቆያሉ። ያኔ ራሳቸው ያወጡታል።»

ዶክተር አካም ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ደጅ የሚጠብቀውን ሰው ብዛት ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ ወጣቱ። «እኔም ጊዜ የለኝም። እኔም እንደርስዎ ነው የምሠራው።»

እኔ ስቆጣ የምታወቅ ሰው ነኝ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን የምቆጣበት ሰው አጣሁ።

ብርቄን በሴቶች ክፍል አስተኟት። እኔ መርፌዬን እዚያው ጎባ እየተወጋሁ አጠገቧ እውል ነበር። የእሷን መርፌም ጀመሩላት፤ ወጣቱ ሐኪም ግን ተስፋ ብዙ እንዳላደርግ ነግሮኛል። ጽጌ ከአክስቷ ቤት እየመጣች በመስኮት ታያት ነበር፤ እናቷ ውስጥ ሆና እጇን ታነሳላታለች። አንድ ቀን ብርቄ ፊት ለፊት ተቀምጬ ስለ ብልቃጡ ጠየቅኋት።

«አፌን በደንብ ተጉመጥምጬ ነው የሰጠሁት» አለችኝ። «ንጹሑን።»

«ብርቄ፣ እሱ እኮ የፈለገው ቆሻሻውን ነው።»

«ያንን ነገር አይተኸዋል? እንዴት ብዬ በሰው እጅ ላይ አኖረዋለሁ? ያውም ተነስቶ ነው የሚቀበለኝ።»

«መታመምሽን አንድ ቀን ብትነግሪውስ?»

ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅሁ። «ምን ብዬ?» አለች። «በገባሁ ቁጥር ወንበሩን ትቶ ይነሳል። የእኛ ሹሞች ተነስተውልን ያውቃሉ? ሰው እንዲህ አክብሮኝ ደኅና ነሽ ወይ ሲለኝ፣ ኧረ አይደለሁም ብዬ ላሳፍረው? ያንተን ሕመም ያድን ብዬ ነው የተውኩት። ለእሱስ ሸክም አይበዛበትም?»

ልስቅባት ፈለግሁ፤ እንደ ወትሮዬ ልተርባት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። እጇን ይዤ አለቀስኩ። እሷም «አይዞህ፣ ሰው ያያል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። በመጨረሻዋ ጠዋት ነርሷ አልጋውን ልታነጥፍ ገብታ «እንዴት አደርሽ እናቴ?» አለቻት። ብርቄ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ነርሷ ምን እንዳለች አልሰማችም፤ ጎንበስ ብላም ልትሰማ ሞከረች። እኔ ደንቆሮው ግን ከንፈሯን አየሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ነው ያለችው።

ለቅሶው ላይ ዶክተር አካም መጣ። ዳሱ ውስጥ ከሰው ጋር መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ረጅም እግሩን የሚያደርግበት አጣ። እንደሌላው ቀን ሰው እየዞረ ሰላም አላለም። እኔንም እንደምን ነህ አላለኝም። ዝም ብሎ አጠገቤ ዋለ፤ ሲመሽ ባርኔጣውን አንስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በክሊኒኩ ሥራው ተለወጠ። ድሬሰሩን ከመድኃኒት ክፍሉ መልሶ አመጣው። የገባውን ሰው ስለ ገብሱ፣ ስለ ላሞቹ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል። ከዚያ እጁን አጣጥፎ ዝም ይላል። ዝምታው ሲረዝም ገበሬው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ወደ መሬት ያያል፣ «እንዲያው ይቺ ጎኔ ብቻ» ይላል። ሕመሙ ከዚያ ይጀምራል። አክታ ሲያስመጣም ድሬሰሩን አብሮ ጓሮ ይልካል፤ «የሚያስጠላውን ነው የምንፈልገው፤ ንጹሑ አይጠቅመንም» እያለ እንዲነግራቸው። በረንዳው ላይ ያለው ሰው ግን ያጉረመርም ነበር። ሰልፉ ረዘመ፤ ሳይታዩ ወደ ገጠራቸው የሚመለሱ በዙ። «ዶክተር አካም አረጀ፣ ወሬ ይወዳል» አሉ።

ውሉ ሲያልቅ አገሩ ተመለሰ። በምትኩ ሌላ ዶክተር መጣ። ትጉህ ሰው ነው፤ ክፉ ልናገርበት አልፈልግም። ሰልፉን አሳጠረው።

መድኃኒቴን ጨርሼ ለመጨረሻ ምርመራ የሄድኩ ቀን አጠገቤ አንዲት ባልቴት ተቀምጠው ነበር። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ያስላሉ፤ ድምፁን ባልሰማም ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። አዲሱ ዶክተር አንድ ነገር አለ። የእሳቸውን ከንፈር ግን በደንብ አየሁት፤ ያው ቃል ነበር። ዶክተሩ ብዕሩን አነሳ። እኔም ተነስቼ በሩን ከፈትኩ።

«ዶክተር፣ እኝህ እናት ደኅና አይደሉም» አልኩ። «ይጠይቋቸው፣ ደግመው ይጠይቋቸው።»

ባልቴቷ ዞረው አዩኝ። ፊታቸው በሐፍረት ተለዋውጦ ነበር። «ልጄ፣ ምን በደልኩህና ነው በሰው ፊት ገመናዬን የምታወጣው?» አሉኝ። ድሬሰሩ ክንዴን ይዞ ወደ በረንዳው መለሰኝ፤ «ወርቁ ባለቤቱ ከሞተች ወዲህ ልቡ ተነክቷል» እንደሚባል አውቃለሁ። እሳቸው ጥቂት ቆይተው ወጡ። በእጃቸው የሳል ሽሮፕ ይዘዋል፤ መጀመሪያ ለእኔ የሰጡኝን ያንኑ። በአጠገቤ ሲያልፉ ቂም አልያዙብኝም፤ ጎንበስ ብለው «እግዜር ይማርህ» አሉኝ። የእኔ ሳንባ ግን በዚያን ቀን ጤነኛ ነው ተብሎ ተጻፈልኝ።

አሁን ጽጌ ከእኔ ጋር ናት። ከጎባ ስትመለስ ቁመቷ ከማሽኑ ጠረጴዛ በልጦ ነበር። ጠባይዋ የእናቷ ነው፤ ለእንግዳ ትነሳለች፣ ለታላቅ ወንበር ትለቃለች፣ ጉሮሮዋን እንኳ በሰው ፊት አትጠርግም። ሰው ሁሉ ያመሰግናታል፤ እኔን ያስፈራኛል። መስኮቱን በብርድም እከፍተዋለሁ፤ እሷም በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ታጠናለች። ጆሮዬ ከእንግዲህ አይመለስም ብለውኛል፤ ስለዚህ ሳል ብትጀምር ልሰማት አልችልም።

ከትምህርት ቤት ስትገባ «እንዴት ዋልሽ?» እላታለሁ። «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትለኛለች። ስለ አስተማሪዋ እጠይቃታለሁ፣ ስለ ጓደኞቿ እጠይቃታለሁ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ እጠይቃታለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ። እሷም ዝም ትላለች። መጽሐፏን ስትከፍት ከኋላዋ መጥቼ መዳፌን በጀርባዋ ላይ አደርጋለሁ፤ ሳል ካለ በእጄ አገኘዋለሁ ብዬ ነው። ትንሽ ትታገሠኝና ዞራ ፊቷን ታሳየኛለች።

«አባባ፣ ደኅና ነኝ እኮ» ትላለች።

እጄን አላነሳም።